ያልተቆረጠው በረራ

ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ጋሽ ዱባለ፣

እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሀንጋሪ ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ለእርስዎ ስጽፍ ግን ይኼ የመጀመሪያዬ ነው፣ እሱም ሥራ ላስቸግርዎ ስል። በቴሌግራም «መሥራቱን እሠራዋለሁ፣ ግን ለማን ነው?» ብለው ለጠየቁኝ፣ ለእማዬ ነው።

ሄቨን የምትባል ጓደኛዬ ለወንድሟ ሠርግ ስትመጣ ሁለት ሚሞሪ ካርድ ታደርስልዎታለች። የበረራ ቪዲዮ ነው። ምሕንድስና እንደምማር ያውቃሉ፤ ቅዳሜና እሑድ የግላይደር ክለብ እንደምሄድ ግን አልነገርኩዎትም። ግላይደር ሞተር የሌለው አውሮፕላን ነው። መሬት ላይ ያለ ማሽን በረጅም ገመድ ስቦ ያነሣዋል፤ ላይ ሲደርስ ገመዱን ይለቅና ከመሬት የሚነሣ ሞቃት አየር እየፈለገ እንደ አሞራ ይዞራል።

ባለፈው ጥቅምት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን በረርኩ። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት፤ ጎረቤት ለእማዬ አሳየቻት። ወዲያው ደወለችልኝ። «ሞተር የለውም የሚሉት እውነት ነው?» አለችኝ። «እውነት ነው» አልኳት። «እንግዲያው ከዚያ ነገር ላይ እስክትወርጂ እኔ ጋ አትደውዪ» ብላ ዘጋችው። ይኸው ሰባት ወር ሆነ። ብደውል አታነሣም።

ለምን እንደሆነ እርስዎ ከኔ በላይ ያውቃሉ። አባዬ ጊቤ ቁልቁለት ላይ የመኪናው ሞተር ጠፍቶበት የሞተ ጊዜ ከእማዬ ጋር ሊያመጡት የሄዱት እርስዎ ነዎት። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

ስለዚህ ሃያ ደቂቃ የምትሆን ቆንጆ ቪዲዮ ይሥሩልኝ። ክንፉ ላይ ከተተከለው ካሜራ ይውሰዱ፤ ሰማዩን፣ ደመናውን፣ የሱፍ አበባውን እርሻ። ለስለስ ያለ ሙዚቃ ይግባበት። ሌላኛው ካሜራ ውስጥ ሆኖ ወደ ፊቴ የዞረ ነው። እሱ አስተማሪዬ ስሕተቴን እንዲያይበት ስለሆነ አይጠቀሙበት። እማዬ እንዳትፈራ ነው የምፈልገው።

ልጅዎ
ውዳሴ ሰብስቤ

*

ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቤቴል

ለልጄ ለውዳሴ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኛ ሁላችን ደኅና ነን። በቴሌግራም «በእጅዎ ጽፈው ፎቶ አንሥተው ከሚልኩልኝ በድምፅ ቢልኩልኝስ» ብለሻል። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ድምፅ ስቆርጥና ስቀጥል ስለኖርኩ የራሴን መስማት አልወድም። በዚሁ ቻይኝ።

ካርዶቹ በደኅና ደርሰውኛል። ጓደኛሽ ስቱዲዮው ጠፍቷት ሰው ስትጠይቅ ውላ ነው ያገኘችኝ።

እኔ እንግዲህ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርግ ቀርጫለሁ። ካሜራዬ ከሰው በላይ ከፍ ያለበት ጊዜ ቢኖር ወንበር ላይ የቆምኩ ዕለት ነው። አውሮፕላን በሩቁ እንጂ ገብቼበት አላውቅም። የመጀመሪያውን ፋይል ስከፍት ምድር እንዳለች ዘመመች፤ ጠረጴዛዬን ያዝኩ። ቀጥ እስክትል ድረስ አልለቀቅሁትም።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ሰማይ አየሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያምራል፣ ግን ከአሥር ደቂቃ በኋላ ማዛጋት ጀመርኩ። ከዚያ አይጠቀሙበት ያልሽውን ከፈትኩ። ተቆጪኝ፤ ባለሙያ የማይከፍተው ፋይል የለም። አንገትሽን ዘርግተሽ ግራና ቀኝ ስታዪ፣ አየሩ ሲያነሣሽ በአፍንጫሽ በረጅሙ ስትተነፍሺ አየሁሽ። እኔ ሙሽራ እንዲህ ያለ ፊት እንድታሳየኝ ስንቴ «እስቲ ደስ ይበልሽ» ብዬ ለምኛለሁ። አንቺ ማንም ሳይለምንሽ ነው። ይኼ ፊት ቪዲዮው ውስጥ ቢገባ ደስ ይለኛል።

እሑድ በአየር ጤና በኩል ስወርድ ቆሼ አናት ላይ የሚዞሩትን አሞሮች ቆሜ አየኋቸው። ስንት ዓመት በዚያ ሳልፍ አፍንጫዬን ይዤ መሬት መሬት ነበር የማየው። ሩብ ሰዓት ሙሉ አንዴም ክንፋቸውን አላራገቡም። ታክሲ አመለጠኝ።

ጥቂት ጥያቄ አለኝ። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ቀይ ክር ምንድን ነው? ፒፕ ፒፕ የሚለውስ? ላይ ብርድ አለ ወይ፣ ካልሲ ትደርቢያለሽ? ከመነሣትሽ በፊት ምሳ ትበያለሽ? ገመዱን የሚስበው ሰውዬ የሚታመን ሰው ነው?

ዱባለ

*

ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ዱባለ፣

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ፈተና ላይ ነበርኩና ስለዘገየሁ ይቅርታ።

ቀዩ ክር ጌጥ አይደለም። አየሩ ከየት በኩል እንደሚመታኝ የሚነግረኝ እሱ ነው። ቀጥ ካለ በደንብ እየበረርኩ ነው፤ ከተጣመመ በጎኔ እየተንሸራተትኩ ነው። ፊት ለፊቴ ያ ሁሉ መሣሪያ ተደርድሮ አስተማሪዬ «መጀመሪያ ክሩን እዪ» ነው የሚለኝ። ፒፕ ፒፕ የሚለው ከፍታ ስጨምር ነው፤ ስወርድ ድምፁ ይወፍርና ያላዝናል። ብርድ አለ፣ ካልሲ እደርባለሁ። ምሳ ዳቦና እንቁላል ነው። ገመዱን የሚስቡት ሰውዬ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው፣ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ በሕይወታቸው ቸኩለው የሚያውቁ አይመስለኝም።

ጋሼ፣ ስለ ካሜራ ማዕዘን ይጠይቁኛል ስል ስለ ካልሲ መጠየቅዎ አሳቀኝ። እኔም ላድንቅዎ፤ የቆሼን አሞሮች ለማየት የቆመ ሰው ክለቤ ውስጥ ቢኖር ዕለቱን አባል ያደርጉት ነበር። እኛም ላይ ሆነን አሞራ ስናይ እንከተለዋለን። አየሩን ከኛ ይልቅ እሱ ያውቀዋል።

የግንቦቱንና የሰኔውን በረራ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ያደሳ ይዞልዎት ይመጣል። ፊቴን ስለ ማስገባት ያሉትን አስቤበት ነበር፤ አይሆንም። ሰማዩን ያድርጉልኝ።

ውዳሴ

*

ሐምሌ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቤቴል

ለልጄ ለውዳሴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እዚህ ክረምቱ ገብቷል። ቤቴል ጭቃ ብቻ ሆናለች፤ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ኮምፒውተሬን አብርቼ ሳልቀመጥ ተመልሶ ይሄዳል። ሥራው የተጓተተው በስንፍናዬ አይደለም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፋይሎችሽ ተራ ቁጥር አላቸው። 117 ላይ ሰማይ ላይ ነሽ፤ ደመናው ወፍሯል፣ ያ መሣሪያም ማላዘን ጀምሯል። 119 ላይ ካሜራው ሲከፈት መሬት ላይ ነሽ። ግን ያ የክለባችሁ ሜዳ አይደለም። ድርቆሽ የታጨደበት የሰው እርሻ ነው፤ አንድ ገበሬ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ ያያችኋል፣ አንቺንም አውሮፕላኑንም። አንቺ ክንፉ ሥር ተቀምጠሽ ጉልበትሽን አቅፈሻል።

118 የት አለ?

እኔ ኬክ የወደቀበት ሠርግ ቆርጬ አሳምሬያለሁ። ሙሽራው ራሱን የሳተበትንም። ማንም አላወቀም። ግን የቆረጥኩትን አይቼ ነው የቆረጥኩት። አንቺ ቀድመሽ ከቆረጥሽብኝ ምን እየሠራሁ እንደሆነ አላውቅም።

ያደሳ ሲመለስ አንድ ልቃቂት ቀይ ክር ይዞልሽ ይመጣል። መስታወትሽ ላይ ያለው ጫፉ ተበትኗል፤ ናይለን የተቀላቀለበት ስለሆነ ነው። ይኼኛው ጥሩ ነው።

ዱባለ

*

ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ዱባለ፣

ያመለጥኩ መስሎኝ ነበር።

ያን ቀን ከሜዳችን አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ርቄ ሳለሁ ደመናው ፀሐይዋን ሸፈናት። ፀሐይ ከሌለች ከመሬት የሚነሣ ሞቃት አየር የለም። ወደ ቤት እንደማልደርስ ሳውቅ አራት መቶ ሜትር ላይ ነበርኩ። እንዲህ ሲሆን የሚደረገው ሜዳ መርጦ ማረፍ ነው፤ ትምህርት ነው፣ ስንቴ ተለማምጄዋለሁ፤ ግን ሁሌም ከኋላዬ አስተማሪዬ ተቀምጦ። ያን ቀን ከኋላዬ ማንም አልነበረም። ምንም አልተሰበረም፣ እኔም አልተነካሁም። ግን ከወረድኩ በኋላ የክለቡ ሰዎች አውሮፕላኑን የሚጭን ተጎታች ይዘው እስኪመጡልኝ አንድ ሰዓት ያህል እንዳዩኝ ተቀምጬ ነበር፤ እማዬ ልክ ናት እያልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሼ በረርኩ። ለምን እንደተመለስኩ ለራሴም በቃል መናገር አልችልም።

118ን በኢንተርኔት ልኬልዎታለሁ። በፊቴ ካሜራ የተቀዳ ነው። አይተው ያጥፉት። እማዬ እንደማታየው ቃል ይግቡልኝ። ይህን ካየች በሕይወቴ ሙሉ ስልክ አታነሣልኝም።

ስለ ክሩ አመሰግናለሁ። ናይለን መሆኑን በቪዲዮ እንዴት እንደለዩ ግን አልገባኝም።

ውዳሴ

*

ነሐሴ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቤቴል

ልጄ ውዳሴ፣

ለደብዳቤሽ መልስ ሳልሰጥ ሃያ ቀን ከረምኩ። ቃል ግባ ያልሽኝን ቃል መግባት ስላልቻልኩ ነው። ክሩን የለየሁት እኔ አይደለሁም። ስለ ካልሲና ስለ ምሳ የጠየቅሁሽም እኔ አይደለሁም።

ጓደኛሽ ሄቨን ያኔ መንገድ ጠፍቷት የጠየቀችው ኮልፌ አጠና ተራ አጠገብ ያለች አንዲት የክር ሱቅ ገብታ ነው። የማን ሱቅ እንደሆነ አላወቀችም። «ከሀንጋሪ ለጋሽ ዱባለ ቪዲዮ ይዤ መጥቼ» አለቻት። እናትሽ መንገዱን አሳየቻት፣ ሱቁን ዘጋችና ከኋላዋ መጣች። ልጅቷ ስትወጣ እሷ ገባች።

«ልጄ የላከችውን ያሳዩኝ» አለችኝ።

«ገና ነው፣ ዋጋነሽ። አልተቆረጠም።»

«ያልተቆረጠውን ነው የምፈልገው» አለች፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቀርታ አታውቅም። በዝናብም መጥታለች። ሰማዩን ካሳየኋት «ይኼን ይዝጉትና ፊቷን ያምጡልኝ» ትላለች። ላንቺ እንዳልነግርሽ አስምላኛለች። አሁን መሐላዬን ማፍረሴ ነው፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

118ን መጀመሪያ ብቻዬን አየሁት። ላጠፋው እጄን ዘርግቼ ነበር። ቅዳሜ መጣች፣ ተቀመጠች፣ እኔም ወደ 119 ዘለልኩ። «ከመቶ አሥራ ሰባት ቀጥሎ መቶ አሥራ ዘጠኝ የሆነው ለምንድን ነው?» አለችኝ። ሐምሳ ዓመት ክር የቆጠረች ሴት ናት፣ ውዳሴ። ምን ልበላት? ከፈትኩት።

መሣሪያው ያላዝናል። አንቺ ታች ታያለሽ፣ ወዲያ ታያለሽ፣ ከንፈርሽ ደርቋል። እናትሽ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ከዚያ መናገር ጀመርሽ፤ ለራስሽ፣ በቀስታ። «ቀስ በይ። አትጎትቺው። ቀስ። አትጎትቺው፣ ይበጠሳል።» እየደጋገምሽ፣ እስከ መሬት ድረስ። እኔ አልገባኝም። ምኑ ነው የሚበጠሰው ብዬ ገመድ ፍለጋ ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ።

«የኔ ቃል ነው» አለች እናትሽ።

«የምን ቃል?»

«ትንሽ ሆና ክር ስታጠነጥንልኝ የምላት። ትቸኩል ነበር።»

አራት ጊዜ አስደገመችኝ። በአራተኛው ላይ ድምፁን ብቻ ነበር የምትሰማው፣ ዓይኗን ጨፍናለች። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ እንዲህ አለችኝ፤ «ሰብስቤን ሞተሩ ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ ማንም አላስተማረውም። እሷን አስተምረዋታል።» ከሞተ በነዚህ አሥራ አራት ዓመታት ስሙን በገዛ አፏ ስትጠራው የሰማሁት ያን ቀን ነው።

በሩ ጋ ደርሳ ጃንጥላዋን ስትከፍት ዘወር አለች። «ይኼን እንዳይቆርጡት» አለችኝ።

በኔ ብትቀየሚ እውነት አለሽ።

ዱባለ

*

ነሐሴ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ዱባለ፣

ሁለት ቀን ተቀይሜዎት ነበር። ዛሬ ለቀቀኝ።

መናገሬን አላውቅም ነበር። ፋይሉን ድምፁን ዘግቼ ነው ያየሁት፤ የመሣሪያውን ማላዘን መስማት ስላልቻልኩ። እርስዎ ጽፈውልኝ ነው ዛሬ ድምፁን የከፈትኩት። ልንገርዎ፣ ዝቅ ብሎ፣ ቀስ ብሎ በሚበርበት ጊዜ ሰው የሚሞተው ፈርቶ መሪውን ወደ ራሱ ሲጎትት ነው። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ቀና ሲል ክንፉ አየሩን ይለቅና ይወድቃል። አስተማሪዬ ይኼን በሀንጋሪኛ መቶ ጊዜ ነግሮኛል። ያን ቀን የመጣልኝ ግን የሱ ቋንቋ አልነበረም።

አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ተመልሳ መጥታለች?

ውዳሴ

*

ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቤቴል

ልጄ ውዳሴ፣

መጥታለች። አራቱንም ቅዳሜ። ይባስ ብሎ አሁን ሥራዬን ቀምታኛለች።

ሙዚቃ አስገብቼ ነበር፣ ዋሽንት፤ አስወጣችው። «ስትተነፍስ እንዳልሰማ ነው?» አለችኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ ክንፍሽ ወርቅ የሚመስልባት አንዲት ቦታ ነበረች፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቼ እንደሷ ያለ አላገኘሁም። እሷንም አስወጣችው። በምትኩ ምን አስገባች መሰለሽ? ከበረራ በኋላ በእርጥብ ጨርቅ የክንፉን ትንኝ የምትጠርጊበትን። አራት ደቂቃ ሙሉ። ካሜራውን ማጥፋት ረስተሽ የተቀዳ ነው።

«ይኼ ምኑ ይታያል?» አልኳት።

«ክንፉን እንዴት እንደያዘችው አላዩም?»

እንደገና አየሁት። በግራ እጅሽ ከሥር ደግፈሽ፣ በቀኝሽ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እየጠረግሽ፣ ጫፉ ጋ ስትደርሺ ጨርቁን አገላብጠሽ። አሮጌው ፖስተኛም ከኋላ ቆመው እያዩሽ ነበር፤ እኔ ሦስቴ አይቼ እሳቸውን አላየኋቸውም። እናትሽ ኮምፒውተር አትነካም፣ በጣቷ ብቻ ነው የምታሳየኝ፤ ግን እኔ ተማሪዋ ሆኜ ነው የከረምኩት። ሰው የሚወደውን ሰው እንዴት እንደሚያይ እስከ ዛሬ ለሙሽሮች ስሸጥ ኖሬ፣ አሁን ነው ያየሁት።

ሃያ ደቂቃ ብለሽ ነበር፤ አርባ ሰባት ሆኗል። 118 ሙሉውን አለ። «ለምን አትደውዪላትም?» ብያት ነበር። «መጀመሪያ እሷ ትየው» አለችኝ። ቪዲዮው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተልኮልሻል።

በቪዲዮው መጨረሻ የሠሪው ስም ይጻፋል፤ ልማዴ ነው። የኔን ጻፍኩ፣ ከዚያ አጠፋሁትና የሷን ጻፍኩ። አላየችውም፤ አትንገሪያት።

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰሽ።

ዱባለ

*

መስከረም 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሽ ዱባለ፣

እንኳን አብሮ አደረሰን። ቪዲዮውን መጀመሪያ መኝታ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን አየሁት። ከዚያ ክለብ ወስጄ ግድግዳ ላይ አሳየኋቸው። ሰማይ ማሳየት የለመዱ ሰዎች ናቸው፤ ሰማይ የሌለበት የበረራ ቪዲዮ አይተው አያውቁም።  ትንኝ የምጠርግበት ቦታ ላይ ፖስተኛው ኮፍያቸውን አወለቁ። አስተማሪዬ ሲያበቃ «ይህን ያቀናበረው ሰው ይበራል?» አለኝ። «ክር ትሸጣለች» አልኩት።

ማክሰኞ ደወልኩላት። አነሣች።

«እማዬ።»

«አቤት» አለች፣ ትናንት እንደተነጋገርን ሁሉ።

«ቪዲዮውን አየሁት።»

«ረዘመ እንዴ? ጋሽ ዱባለ ረዝሟል ይላሉ።»

«አልረዘመም።»

 አሥራ አንድ ወር የማወራላትን ስሰበስብ ከርሜ አንዱም አልመጣልኝም። ከዚያ «ቅዳሜ ትወጫለሽ?» አለችኝ። አየሩ ጥሩ ከሆነ አዎ አልኳት። ስንት ሰዓት እንደምነሣ ጠየቀችኝ። በናንተ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልኳት። «ስንት ትቆያለሽ?» አለች። «አንድ ሰዓት ያህል።» «እሺ» አለች። ቻው ተባብለን ዘጋን።

ትናንት ቅዳሜ ነበር። ለመስከረም ያልተለመደ ቀን ነበር፤ ደመናው ተራርቆ፣ ከእያንዳንዱ ሥር አየሩ እየተነሣ። አንዱን ለቅቄ ሌላው ይቀበለኛል። ልወርድ እልና ያ መሣሪያ ደግሞ ፒፕ ፒፕ ይላል። ሁለት ሰዓት ከሩብ ቆየሁ፤ በዚህ ዓመት እንደዚያ በርሬ አላውቅም።

ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ መሬት ትቼው ነበር የወጣሁት። ወርጄ አውሮፕላኑን ከሜዳው ገፍተን ካወጣን በኋላ ስከፍተው አሥራ አራት ጥሪ ነበረበት፤ ሁሉም ከእማዬ። ይኼ ሁሉ ወር እኔ ነበርኩ ደውዬ የማይነሣልኝ። ሳሩ ላይ ተቀመጥኩና ደወልኩ። አንዴ እንኳ ሳይጠራ ተነሣ።

«አንድ ሰዓት ነበር ያልሽኝ» አለች።

«ይቅርታ እማዬ። አየሩ ጥሩ ነበር። መውረድ አልቻልኩም።»

ስትተነፍስ ይሰማኛል። ከኋላዋ ታክሲ ይጮኻል፣ ሰው ዋጋ ይጠይቃታል፣ አትመልስለትም።

«እንግዲያው በሚቀጥለው» አለችኝ፣ «ሁለት በይኝ።»

ልጅዎ
ውዳሴ